ስኳር የሌለው ጁስ

በረመዳን ሦስተኛ ሳምንት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በሞሮኮዋ መክናስ ከተማ፣ በላላ ዙሁር ማድ ቤት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ እንደ አገሩ ወግ «ላላ»፣ ማለትም እሜቴ፣ የሚባሉት ዙሁር ራሳቸው፣ ልጃቸው ሂሻምና የሂሻም ሚስት ኢብቲሳም። ሦስቱም ፆመኞች ናቸው። ላላ ዙሁርን ግን ሐኪሙ ሰኞ ዕለት፣ «ስኳርዎ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ ቢል ፆሙ ይቅርብዎ» ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከአራስነትና ከወር አበባ ቀናት በቀር በረመዳን ቀን በልተው አያውቁም። ቀን የሚበላ ሰው እሳቸው ዘንድ፣ ታመምኩ ቢልም ባይልም፣ ሆዳም ነው።

ሂሻም እጅጌውን ሰብስቦ ጁስ መፍጫው ፊት ቆሟል። ስልኩ ላይ አንድ ጡንቻው ያበጠ ሰው ጁስ ሲሠራ አይቶ፣ ለእናቱም አሳይቶ፣ ለእናቴ ማፍጠሪያ ጤናማ ጁስ ካልሠራሁ ብሎ ነው።

«የኔ ሐኪም» አሉት ላላ ዙሁር ከበርጩማቸው ሳይነሱ፤ «ጨው የት እንደሚቀመጥ ሳታውቅ ሸበትክ። ዛሬ ምን ታየህ?»

«ያንቺ ጤና ታየኝ፣ እማዬ።»

«ጤናዬን ሙዝ ውስጥ አገኘኸው? አላላጡን እዪለት፣ ኢብቲሳም። ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄደ።»

ኢብቲሳም ሾርባዋን አማሰለች። ሂሻም አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ማንጎና አንድ ጭብጥ ዘቢብ ከወተት ጋር ጨመረ። ከዚያ የቴምሩን ሳህን አንስቶ ዘሩን እያወጣ ይከት ጀመር። ሳህኑ ሲጋመስ ኢብቲሳም አላስቻላትም።

«ቴምሩ አልበዛም?»

«ቴምር እኮ ፍራፍሬ ነው። ስኳር የሚባል ጠብ አላደረግኩም።»

«ሐኪሙ ለሳቸው የፈቀደው አንድ ፍሬ ነው።»

«እሱ ሳይፈጭ ነው» አለ ሂሻም።

«ሲፈጭ ስኳሩ ሐጅ ይሄዳል?» አሉ ላላ ዙሁር።

መፍጫው ጮኸ። ቅመስልኝ የሚባል ሰው በቤቱ የለም፤ ጁሱ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ተከድኖ ተቀመጠ።

አዛኑ እንዳለ ላላ ዙሁር ብርጭቆውን እንደ መራራ መድኃኒት በሁለት ጣታቸው ያዙ። «ጭቃ ነው የሚመስለው» አሉና ተጎነጩ። ጣፋጭ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ምላሳቸውን ከነካው ቆይቷል፤ ከየት እንደመጣም ልባቸው ያውቀዋል።

«ስኳር የለውም አልክ?»

«ወላሂ፣ ጠብ አላደረግኩም።»

«መሐላው ባንተ ላይ ነው።» የቀረውን ጨልጠው ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። «መናኛ ነገር ነው። ትንሽ ድገመኝ፤ ምኑ እንዳስጠላኝ ልለይ።»

«ላላ፣ ይቅርብዎ» አለች ኢብቲሳም።

«አንቺ ሾርባሽን ጠብቂ። ባልሽ ገና አንድ ቀን ሥራ ቢሠራ ቅናት ያዘሽ?»

ሦስተኛውን ሳያስቀዱ ራሳቸው ቀዱ።

ኋላ ሂሻም ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸውን ለካ። ከፍ ያለውን ቁጥር አየና መሣሪያውን አራገፈው። «ባትሪው ደክሟል።»

«አምጣ ጣትህን» አሉት። ወጉት፤ የሱ ደህና ሆኖ ተገኘ። «መሣሪያው ጤነኛ ነው። የደከመውስ ሌላ ነው።»

ኢብቲሳም ሐኪሙ ዘንድ ደወለች። ሐኪሙ ምን እንደበሉ ሲጠይቅ ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። ሂሻም «ፍራፍሬ ነው፣ ዶክተር» አለ፤ ከዚያም ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።

«ከነገ ጀምሮ ፆሙ ይቅር ብሏል» አለ ሂሻም ስልኩን ሲዘጋ። «ጡንቻው ያበጠው ሰውዬስ እናት የለውም?» አሉ ላላ ዙሁር።

ሐሙስ ጠዋት ላላ ዙሁር የማድ ቤቱን በር ዘግተው ቁርስ በሉ።