ቀለበቷ ስትለቀቅ

እኔ ቆሜ የማልም ሰው ነኝ። ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ ማሽኑ እየሠራ ከሆነ አጠገቤ መጥተው ወሬ አይጀምሩም። ቢጀምሩም መልስ የሚያገኙት ቆይተው ነው፤ እሱንም ላልጠየቁት ጥያቄ። ሳይታሰብ ከሰው ጀርባ ስለሚከሰት «ጉሙ» ያልነው አለቃችን አንድ ቀን ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ሥራ የገባሁት እኔ ነኝ ወይስ ሕልሜ ሲል ጠየቀኝ። ሁለታችንም ገብተናል፣ ሕልሜ ግን ምሳ አይበላም አልኩት።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር በሚያዘው የብረት መቁረጫ ቶርኖ ፊት ቆሞ የማያልም ሰው ካለ እሱ ነው የሚገርመኝ። በሩ ይዘጋል። ከመስኮቱ ወዲያ የማቀዝቀዣው ውሃ ነጭ ሆኖ እንደ ወተት ይወርዳል። ብረቱ ከመፍጠኑ የተነሳ የቆመ ይመስላል፤ ድምፁም አንድ ወጥ ስለሆነ ትንሽ ቆይቶ አይሰማም። ያኔ ግድግዳው ይርቃል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ እኔም የት እንዳለሁ ይጠፋኛል።

ከማሽኑ ሁሉ የምወደው አያያዙን ነው። በድሮው ቶርኖ ብረቱን በመንጋጋ የምናስረው በቁልፍ፣ በገዛ ክንዳችን ጉልበት ነበር። በዚህኛው ግን ፔዳሉን በእግሬ ረገጥ ሳደርግ ከጀርባ ያለው ፓምፕ ዘይት ይልካል፤ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለፈውን ረጅም ቱቦ ወደ ኋላ ይስባል። ቱቦው ደግሞ ቻክ በምንለው ክብ ብረት ውስጥ የተቀመጠውን ጎኑ ተዳፋት የሆነ ቁራጭ ይጎትታል፤ ሦስቱ መንጋጋዎች በዚያ ተዳፋት ተንሸራተው እኩል ወደ መሃል ይመጡና የሚቆረጠውን ብረት ግጥም አድርገው ይይዛሉ። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተንፍሼ ሳልጨርስ ያልቃል። ምን ያህል ጠብቀው እንደሚይዙ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ በጎን በኩል ያለችውን የግፊት ማስተካከያ ዞር በማድረግ።

ልጄ አስተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት መኪና ገጭቷት አንድ እግሯን ከጉልበቷ በላይ አጣች። ከዚያ ወዲህ እጄ ከክንዷ አልተለየም። ስትነሳ እይዛታለሁ፣ ስትቀመጥ እይዛታለሁ፣ መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆሜ በየመሃሉ እጠራታለሁ። አንድ ቀን ከውስጥ ሆና፣ እማ፣ እዚህ ውስጥ የምሄድበት ሌላ አገር የለም አለችኝ። ሳቅሁ። ከበሩ ግን አልተነሳሁም።

ሰው ሠራሽ እግር ተሠራላትና መራመድ ጀመረች። ይሁንና የጉልበቱ መታጠፊያ ላይ ያለችው ስስ የነሐስ ቀለበት ቶሎ ተበላችና ጉልበቱ ይወላገድ ጀመር። እግሩን የሠራላት ባለሙያ፣ መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል አለን። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሰኞ ይከፈታል። ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ዳይሬክተሯም፣ ልጄ ሰኞ ካልመጣች ቦታዋን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ በትህትና ነግራታለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ፣ እርስዎ ቶርኖ ላይ አይደሉ እንዴ፣ ምነው አይሠሩላትም አለኝ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ?

ጉሙ ቁራጭ ነሐስ ፈቀደልኝ። ከነሐሱ የወጣችውን ቀለበት በቻኩ ያዝኩና ግፊቱን ከፍ አደረግሁ። አንድ ጊዜ ላልቶ የተያዘ ብረት ከመንጋጋው አምልጦ የማሽኑን መስኮት ሲሰነጥቅ አይቻለሁ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ውስጧን ቆርጬ ስጨርስ እዚያው እንደተያዘች ለካኋት። በየትኛውም በኩል ብለካት ያው፣ ፀጉር ታህል ልዩነት የላትም። ፈታሁና በመሐረቤ ጠቅልዬ እንደ ዕንቁላል ይዣት ወጣሁ።

ባለሙያው ገጠማት። ልጄ ለመለማመጃ ወደተሠራው ትንሽ ደረጃ ሄደችና እግሯን አነሳች። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ከዚያ ያዝ አደረገው፣ ከዚያ ድንገት ለቀቀው። እሷ የእንጨት መደገፊያውን ከመያዟ በፊት እኔ እሷን ይዣት ነበር። ባለሙያው ቀለበቷን አውጥቶ እያዞረ ለካትና ሦስት ቦታ ላይ እንደጠበበች አሳየኝ።

ነገሩ ገባኝ፤ የቶርኖ ሰው ሆኖ ይህን የማያውቅ የለም። ስስ ቀለበት በሦስት መንጋጋ አጥብቀህ ከያዝካት ትጨመቃለች። እንደተጨመቀች ውስጧን ክብ አድርገህ ትቆርጣለህ፤ ክብም ናት፣ እስከያዝካት ድረስ። ስትለቃት ወደ ተፈጥሮዋ ትመለሳለች፤ ያኔ ክብነቱ ይጠፋል። በዚህ ጥፋት ስንቱን ባልደረባዬን ተቆጥቻለሁ። ያን ዕለት ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ነሐሱ ነው፣ ጥሩ ነሐስ አይደለም አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

በማግስቱ ሌላ ቀለበት ያዝኩ። ግፊቱን ዝቅ አደረግሁ። እጄ ግን ማስተካከያዋን ሳይለቅ ቆየና ተመልሶ ከፍ አደረጋት። እንደገና ዝቅ አደረግሁ፣ እንደገና ከፍ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። ጉሙ እንደልማዱ ከጀርባዬ ተከስቶ የግፊቱን መለኪያ አየና፣ የያዝሽው ቀለበት ነው ወይስ ሌባ አለኝ። ዞር በልልኝ አልኩት። ያቺም ቀለበት ተበላሸች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ተራ ዘንግ ማሽኑ ላይ አስሬ እሱ ሲዞር እኔ በሕልሜ ሄድኩ። ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነበርኩ፤ ወለሉ ላይ ነጭ ውሃ ተኝቷል። ልጄ ከፊቴ ትሄዳለች። በሁለት እግሯ ይሁን በአንድ አላየሁም፤ ስትረግጠው ውሃው አይናወጥም ነበር። ክንዷን ይዣታለሁ። እሷ ስትርቅ እኔ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ክንዴ ይረዝማል፣ ይረዝማል፤ ውስጡ ዘይት ሲሄድ ይሰማኛል፤ ለብ ያለ ነው። እሷ ዞር ብላ፣ እማ፣ ፔዳሉ የት ነው ትለኛለች። እኔ እፈልጋለሁ፤ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ በሮቹን ሁሉ እየከፈትኩ እፈልጋለሁ፤ በየክፍሉ ባዶ ወንበሮች ብቻ ናቸው። ዝቅ ብዬ ሳይ ፔዳሉ ከራሴ ጫማ ሥር ነው። ማሽኑ ቆሞ ቀይ መብራቱ ሲበራ ነቃሁ። ፊቴ እርጥብ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ነው እንዳልል በሩ ዝግ ነው።

ሐሙስ ልጄ በክራንች ሆና ሥራ ቦታ መጣች። ብቻዋን ነው የመጣችው፤ ልቆጣ ስል ጉሙ ወንበር አቀረበላትና አፌን አስዘጋኝ። ማሽኑን አሳዪኝ አለችኝ። ስለ ዘይቱ፣ ስለ ቱቦውና ስለ ተዳፋቱ አንድ በአንድ ነገርኳት። ፔዳሉን ረግጬ መንጋጋዎቹ ሲገጥሙና ሲከፈቱ አሳየኋት፤ እንደ ሕፃን ደጋግማ አስረገጠችኝ።

«ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ በምን ያውቃል?» አለችኝ።

«እሱ ምኑን ያውቃል፤ እኔ ነኝ የምነግረው።»

«ለአንቺስ ማን ይነግርሻል?»

ማስተካከያዋን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። የተበላሸችውን ቀለበት ከጠረጴዛው አንስታ በጣቷ ታገላብጣት ጀመር። ማሽን ባይገባትም የእኔ ነገር ግን ድሮም ይገባታል።

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሰኞ እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ውሸት ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። «አልፈልግም» አልኳት። «ቤት ብትቀሪልኝ ደስ ይለኛል። ደረጃው ላይ ብትወድቂስ?»

«ብወድቅ ክፍል ሙሉ ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ባያነሳኝ አንዱ ያነሳኛል። አንቺ ግን እንደያዝሽኝ ነው የምትለኪኝ። ለቀሽ አይተሽኝ አታውቂም።»

ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ጉሙ እዚያ ማዶ የማያነበውን ወረቀት እያነበበ ቆሟል፣ እሱ ፊት አላለቅስም። ተነስቼ መንጋጋዎቹን ፈታሁ። በጠንካራዎቹ ፋንታ ሰፋ ሰፋ ያሉትን ለስላሳ መንጋጋዎች አሰርኩና፣ ሦስት ቦታ ከሚቆነጥጧት ዙሪያዋን እንዲያቅፏት በቀለበቷ ልክ ውስጣቸውን ቆረጥኩ። ሌላ አዲስ ቀለበት ያዝኩ። ግፊቱን ዝቅ አደረግሁ፤ እጄ ማስተካከያዋ ላይ ሊቆይ ሲል ጎትቼ ኪሴ ከተትኩት። ቻኩ ሲፈጥን መንጋጋዎቹ ራሳቸው ወደ ውጭ መሸሽ ስለሚፈልጉ አያያዛቸው ይላላል፤ ስለዚህ ፍጥነቱንም ቀነስኩ። በሩን ዘጋሁና አስነሳሁት።

ቀለበቷ መዞር ጀመረች። በነጩ ውሃ መሃል ቢጫ ሆና ትታያለች፤ ፍጥነቱ አነስተኛ ስለሆነ እንደ ሌላው ጊዜ የቆመች አትመስልም፣ መዞሯ ያስታውቃል። ያ የተሰነጠቀ መስኮት ድምፅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ልጄ ወንበሯ ላይ ሆና ማሽኑን ሳይሆን እኔን ታያለች። መቁረጫው ስለት ስስ ስስ እያደረገ ፋቃት፤ ፍቅፋቂው እንደ ዱቄት ነበር። ማሽኑ ቆመ። በሩን ከፍቼ አንድ እጄን ከሥሯ ዘረጋሁና ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ቀለበቷ ሙቅ ሆና መዳፌ ላይ ወደቀች። በዚህ ጊዜ የለካኋት መዳፌ ላይ እንዳለች ነው። ዞራ ዞራ ያው ናት። ልጄ፣ እማ በቃ፣ ልትፈጂያት ነው እስክትለኝ ድረስ ለካኋት።

ዓርብ ባለሙያው ገጠማት። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ተዘረጋ፣ ታጠፈ። ልጄ ደረጃዋን ወጥታ ወረደችና ሌላ ደረጃ የለም እንዴ አለች።

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። እስከ ደረጃው ብቻ ብላ አስምላኛለች። የትምህርት ቤቱ ግቢ በልጆች ጫጫታ ይናወጣል፤ ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበርና ልጆቹ ከየት እንደሚመጡ ሳይታወቅ ይወጡና ይጠፋሉ። ደረጃው ሥር ደረስን። እጄን ከክንዷ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ይህን እሷም ትመሰክርልኛለች። መደገፊያውን ይዛ አንዱን ወጣች፣ ሌላውን ወጣች። መታጠፊያው ላይ አንዲት ልጅ «ቲቸር!» ብላ ደብተሯን ዘረጋችላት። ልጄ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለችና ከልጅቷ ጋር እያወራች ወደ ላይ ዞረች። ወደ ኋላ አላየችም። እንድታይ ፈልጌ ነበር፤ ባለማየቷም ደስ አለኝ፤ ሁለቱ እንዴት አብረው አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚገቡ አላውቅም።

ደወል ተደወለና ግቢው ባዶ ሆነ። እኔ ግን እዚያው ቆሜያለሁ። ጥበቃው ቀረብ ብሎ በአክብሮት፣ ማንን ልጥራልዎ እናቴ አለኝ።

«ማንንም አትጥራ» አልኩት።

በሩን ከፈተልኝና ወጣሁ። ቀኝ እጄ ክንድ እንደያዘ ጎብጦ ቀርቶ ነበር። መንገዱን ሁሉ እያፍታታሁት ሄድኩ፤ ሥራ ቦታ እስክደርስ አልዘረጋ አለኝ።