ኡቁቅ የገባችው መርከብ

ኩብሉ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ነው፤ ግን አባቴ ነው። እኛ የበረዶው ባሕር ዳርቻ ሰዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ቀጥሎ ለሚወለደው ይሰጣል፤ ከስሙ ጋር ዝምድናውም አብሮ ይሄዳል። አባቴ በሞተ በሳምንቱ የአክስቴ ልጅ ወንድ ወለደች። ስሙን ሰጠነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ «አባዬ» እለዋለሁ፤ እሱም አፉን ከፈታ ጀምሮ «ልጄ» ይለኛል። ንፍጡን እየጠረግኩለት እንኳ «ቀስ በይ ልጄ» ብሎ ይቆጣኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ዘመድ በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው፤ ማንም አያደርገውም።

እኔ የዋህ ሴት አይደለሁም። ሌላ ሰው ሻዬን ጠጥቶ ምስጢሬን ይዞ አይወጣም። አባቱን የሚጠረጥር ግን ማን አለ?

የማዕድን አፈር የሚጭኑት መርከቦች በረዶው ገና ሳይለቅ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ኩብሉ እነሱ ጋር ተቀጥሮ ነበር። ሥራው የእኛን ቃል ለእነሱ፣ የእነሱን ቃል ለእኛ ማድረስ ነው። አንድ ቀን የዓሣ ነባሪ ቆዳ ከነጮማው ይዞልኝ መጣ። ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግተን እየቆረጥን ስንበላ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ዳርቻ ላይ ውሃው ጸጥ የሚልበት ቦታ የቱ ነው?»

«ምን ሊሠራልህ?»

«መርከብ ቢሰበር ናፍጣው የቱን ቦታ እንዳይነካ እንደምንጠብቅ ልናውቅ ነው። አንቺ ንገሪኝ እንጂ መርከብ የሚባል አይቀርባትም።»

«ኡቁቅ ናታ! ያሳየኸኝ አንተው አይደለህ እንዴ?»

«ረሳሁታ» አለ እየሳቀ። «ሞት ያስረሳል።»

እኔም ሳቅኩ። ስለዚያች ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ሁሉንም ነገርኩት፦ ነፋስ እንደማይደርስባት፣ ወደ ውስጥ የገባ ነገር እዚያው ሲዞር እንደሚኖር፣ አፏ ላይ በግራ በኩል የተደበቀ ድንጋይ እንዳለ፣ በቀኝ በኩል ግን ጥልቅ እንደሆነ። ቤተሰባችን እነዚህን ነገሮች ለባዕድ ተናግሮ አያውቅም። ነጫጮቹ ዓሣ ነባሪዎች በየበጋው ግልገሎቻቸውን ይዘው የሚያርፉት እዚያ ነው። እኛም በሌላ ቦታ እናድናቸዋለን እንጂ ኡቁቅ ውስጥ ጠመንጃ አንተኩስም፤ ሞተር እንኳ አጥፍተን በመቅዘፊያ ነው የምንገባው።

በሐምሌ አንድ ቀን ቀትር ላይ ቂጣ እየጋገርኩ ሬዲዮው ጮኸ። በየቤቱ ኩሽና ውስጥ አንድ ሬዲዮ አለ፤ የሁሉንም ጉዳይ ሁላችንም እንሰማለን። ጎረቤቴ ኒቪያክ ነበረች።

«ኡላዩ፣ ሰምተሻል? መርከቧ አሮጌ በረዶ መታች!»

«መቼም መንገዱ የአባታቸው ነው፣ ይሩጡበት!»

የዘንድሮ በረዶ መርከብ ሲመጣ ይሰበራል። ዓመታት የቆየው ግን ዓለት ነው፤ ይህን እኛ ጋ ሕፃን ያውቀዋል። ናፍጣ እየፈሰሰ ነው፣ ጎታች ጀልባ ደርሷል ተባለ። ቀጥሎ የኩብሉ ድምፅ መጣ።

«ወደ ኡቁቅ አስገቧት። በግራ ድንጋይ አለ፤ በቀኝ በኩል ጥልቅ ነው።»

የራሴ ቃል ነበር፤ ሌላ ቃል እንኳ አልጨመረበትም። ቂጣው እያረረ ሸተተኝ፤ ጥዬው ተነሳሁ። እንደዚያ ቀን ተክጄ አላውቅም።

ጀልባዎቹ ዘንድ ወርጄ አገኘሁት። ከሰዎቹ ጋር ናፍጣ የሚያግደውን ብርቱካንማ ተንሳፋፊ አጥር እየጫነ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ውጭ ብትቆይ ናፍጣው በረዶው ሥር ይገባል፣ ልጄ» አለ ሳልጠይቀው። «በረዶ ሥር ከገባ ማን ያወጣዋል? ጅረቱ ዳርቻውን ሁሉ ያዳርሰዋል። ኡቁቅ ውስጥ ግን አፏ ላይ እናጥራለን። የገባ አይወጣም ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«መርከብ አይቀርባትም ያልከኝስ?»

ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ።

«ስትጠይቀኝ ለዚህ እንደሆነ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እውነቱን ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«እሰጥህ ነበር! አለቅስ ነበር፣ እሰድብህ ነበር፣ ግን እሰጥህ ነበር። ከዚህ ዳርቻ የሚበላው የእኔ ቤተሰብ ብቻ ነው እንዴ? የሰረቅከኝ ባሕሩን አይደለም፤ እሺ ማለቴን ነው፣ ኩብሉ።»

ስሙን ስጠራ አጠገባችን ያሉት ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። እሱ በጥፊ የተመታ ያህል ደነገጠ። አላዘንኩለትም። አሁን ይህን ስጽፍ አዝናለሁ፤ ያኔ ግን በፍጹም።

ገመዱን አስቀምጦ፣ «ነጫጮቹ ውስጥ ናቸው» አለ። «መርከቧ ሳትገባ መውጣት አለባቸው። የሚያርፉበትን ጥልቀት የሌለውን ወገን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እምቢ ልል እችል ነበር። እምቢታዬ ግን እሱን ሳይሆን እነሱን ናፍጣ ውስጥ የሚነክር ነው። ይሄንንም አስቀድሞ አስቦታል፤ የተማረ ነዋ!

ጠመንጃዬን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ኡቁቅ አፍ ስደርስ እጄ ከልማዱ ሞተሩን ሊያጠፋ ሄደ፤ መለስኩት። በሙሉ ኃይሉ እያስጮህኩት ገባሁ። ይሸሻሉ ብዬ ነበር። አልሸሹም። ግራጫ ግልገሎቻቸውን ጎናቸው አድርገው ቀና ቀና እያሉ አዩኝ። አንዷ እንዲያውም ወደ ጀልባዋ ቀረበች፤ እዚያ ቦታ ከሰው ክፉ ነገር አግኝቷት አያውቅምና።

«ሂጂ!» አልኳት። «ሂጂ እንጂ፣ አንቺ ደደብ!»

ትንፋሿን ፊቴ ላይ ረጨችው። ጠመንጃውን አነሳሁና አጠገቧ ውሃው ላይ ተኮስኩ። ደግሜ ተኮስኩ። ያኔ ባሕሩ ተናወጠ፤ እናቶቹ ግልገሎቻቸውን እየገፉ በቀኝ በኩል ወደ ክፍቱ ውሃ ወጡ። እስከ መጨረሻዋ ድረስ ከኋላቸው እየጮህኩ፣ እየተኮስኩ ነዳኋቸው። ፊቴ በዕንባ ይሁን በእሷ ትንፋሽ አላውቅም፣ ርሶ ነበር።

መርከቧ ከበረዶው ማዶ ዘንበል ብላ እየጠበቀች ነበር። የጀልባዋን ሬዲዮ አነሳሁ። መንደሩ ሁሉ እንደሚሰማ አውቃለሁ።

«ወጥተዋል» አልኩ። «አስገቧት።»