ሐይቅ ያለበት ጠረጴዛ

ድምፁ የመጣው ከቆርቆሮው በር ጀርባ ነው። መጀመሪያ እንደሚንተከተክ ወፍራም ሽሮ ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ቀጥሎ ቀጠን ብሎ አፏጨ፤ ባየህ ፊቱን ከሚታጠብበት ቦኖ ቀና ሳይል አንድ ደረቅ ነገር ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ውሃው ከመዳፉ እየተንጠባጠበ ቆሞ ቀረ። በሩን ለመክፈት አልቸኮለም። ውስጥ የሚጠብቀውን ያውቀዋል፤ ሳያየው ጥቂት መቆየት ፈለገ እንጂ።

ሲከፍተው ሽታው ዓይኑን ለበለበው። በሁለቱ የዋንዛ ሳንቃዎች መካከል ትናንት ያፈሰሰው፣ ሲደርቅ መስታወት የሚመስለው ሰማያዊ ኢፖክሲ፣ ማታ ነፋስ እንደሌለበት ጣና ረግቶ የተወው፣ አሁን እንደ ሳሙና አረፋ ተነፋፍቶ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከእንጨቱ ጠርዝ የሚወጣው እንፋሎት ገና አላቆመም። ባየህ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ቅርፊት ሆኖ ተነሣለት።

ሌላ አናጢ ቢሆን ተራግሞ እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። ለባየህ ግን ይህ ጠረጴዛ ተበላሸ ማለት ሚስቱ ሄደች ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ክረምት ነው። ባየህ በወረታ እጁ የተመሰገነ አናጢ ነው፤ ልቡ ግን ከእጁ ጋር አይውልም። ስልኩ ላይ ሰዎች ሁለት ፈሳሽ ቀላቅለው የተሰነጠቀ እንጨት መስታወት በመሰለ ነገር ሲሞሉ አይቶ፣ እሱም ተቀላቅለው ኢፖክሲ የሚሆኑትን ሁለቱን ፈሳሾች ገዝቶ ጀመረ። የጎረቤቱን የተቀደደ በር ደፈነ፤ የጠላ ቤቱን የሚያፈስ በርሜል ደፈነ፤ እግሩ የተሰበረ ቁም ሳጥን አቆመ። የሰው ቀዳዳ ሲደፍን ይውልና ማታ የሚገባው ጣሪያው ወደሚያፈስ ቤት ነው። ሚስቱ ውባንቺ አንዴ ነገረችው፣ ደገመችለት፤ «እሺ ነገ» አላት። ከዚያ መናገሩን ተወችው።

አባቷ ሸዋዓለም የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሰው ነው፤ የሩዝ ወፍጮ አለው፣ ምላሱም እንደ ወፍጮው ነው። አንድ የገበያ ቀን ዝናብ ቢይዘው ልጁ ቤት ጎራ አለ። ውባንቺን ቤቷ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግታ ምስር ስትለቅም አገኛት።

«ልጄን ለሰው ነው የሰጠሁት ወይስ ለእንቁራሪት?» አለው ባየህን።

ዝናቡ ሳያባራ ይዟት ሄደ። እሷ እምቢም አላለች፣ እሺም አላለች። የጠየቃት የለም።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባየህ ሽማግሌ ላከ። መምሬ ማርቆስ፣ የሁለቱም ወገን ንስሐ አባት፣ ከፊት ሆነው፣ ባየህም ከኋላ ተከትሎ ቁሐር ወረዱ። ሸዋዓለም ፀሐይ ላይ እስኪበቃቸው አቁሟቸው ሲያበቃ፣ ወጥቶ ባየህን እንዲህ አለው፤

«ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ መሐሉ ሐይቅ የሆነ ጠረጴዛ አይቻለሁ። አንተ ይሄን ትሠራለህ ይላሉ። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ እኔ ቤት ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ካበላሁ ውባንቺን ይዘህ ትሄዳለህ። ካላበላሁ ፍቺውን እዚያው እንጨርሳለን፤ ፈላጊዋ ብዙ ነው።»

«እንጨቱስ?» አለ ባየህ።

«እንጨቱ ከኔ። ከአባቴ አጥር የቆረጥኩት ዋንዛ ነው፤ ከፋሲካ ጀምሮ ረግረግ ውስጥ አስተኝቼዋለሁ።»

ባየህ ደስ አለው። ፎገራ ላይ ለበር፣ ለሞፈርም ሆነ ለምሰሶ የተቆረጠ እንጨት ጭቃ ውስጥ ሳይከርም አይነካም፤ ረግረግ የጠጣውን ነቀዝ አይደፍረውም። አባቱም፣ የአባቱም አባት እንዲሁ ነበር የሚሠሩት። ሸዋዓለም ደህናውን እንጨት ሲሰጠው ልቡ ራርቶ ነው ብሎ አሰበ። ሳንቃውን አስወጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ ላዩ ሲነጣለት ላገው፣ ከዚያም ሐይቁን አፈሰሰበት።

እንግዲህ ያ ሐይቅ ነው የፈላው።

ባየህ ከአረፋው ቆርሶ በፌስታል ያዘና ወደ አብዱልሃኪም ሱቅ ሄደ። ኢፖክሲውን ከባሕር ዳር የሚያስመጣለት እሱ ነው። አብዱልሃኪም ፌስታሉን ከፍቶ አሸተተ።

«ዳቦ ጋገርክ እንዴ?»

«አትቀልድ አብዱ።»

«እንጨቱን ውሃ አጠጥተኸው ነው። ይሄ ነገር ውሃ ጠላቱ ነው፤ ሲጠነክር በራሱ ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ውሃው ከእንጨቱ ውስጥ እንፋሎት ሆኖ ይወጣና እንዲህ ያደርግሃል።»

«ደርቆ ነበር እኮ።»

«ላዩ። ልቡስ? ከረግረግ የወጣ እንጨት በአንድ ወር ይደርቃል ብሎ ማን ነገረህ?» አለ። ፌስታሉን ጠቅልሎ መለሰለት። «አማትህ ነው እንጨቱን የሰጠህ?»

«እሱ ነው።»

«መጥቶ ነበር። መስቀል ሳይደርስ። አንተ የቆምክባት ላይ ቆሞ፣ ይሄን ነገር ምንድነው የሚያበላሸው ብሎ ጠየቀኝ። እርጥብ እንጨት አልኩት፤ እርጥብ እንጨት ላይ ከፈሰሰ አለቀለት አልኩት። ወላሂ፣ ለአንተ የተጨነቀ ነበር የመሰለኝ። ጥሩ አማት አለህ ብዬ ልነግርህ ነበር።»

ባየህ አልተቆጣም። እንደውም የሆነ አድናቆት ነገር ነካው። ሰው ይህን ያህል አስቦ፣ ይህን ያህል ደክሞ ሲጠላው የመጀመሪያው ነበር።

በዚያ ወቅት ወረታ ላይ ደረቅ ዋንዛ ማግኘት ዘበት ነው። ባየህ ሐሙሲት ድረስ ሄዶ ፈለገ፤ ያለው ባሕር ዛፍ ነው፣ እሱም እርጥብ። ተመልሶ ቤቱ ገባና አልጋው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ የተቀመጠበትን አየው።

አልጋውን የሠራው ውባንቺን ሊያገባ ሲል ነው። ራስጌና ግርጌው አንዳንድ ሰፋፊ የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ዓመታት ቤት ውስጥ ከርሞ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ይመልሳል። ባየህ ጋቢውን አንሥቶ ፍራሹን መሬት ላይ ጣለ። ቡሎኑን ሲፈታ እጁ ትንሽ አመነታ፤ መጋዙ ከገባ በኋላ ግን አላመነታም። በልቡ ከእሷ ጋር ይነጋገር ነበር። ስትመለሽ ሌላ እሠራልሻለሁ ይላታል፤ ጣሪያውንም እደፍነዋለሁ፤ ታያለሽ። እሷም በሐሳቡ ውስጥ ትስቅለታለች። በሐሳቡ ውስጥ ሁልጊዜ ትስቅለታለች።

በዚህኛው አልተቻኮለም። የቡሎኑን ቀዳዳ በመጋዝ ዱቄትና በኢፖክሲ ደፈነ። ሐይቁን በአንድ ጊዜ አላፈሰሰም፤ ስስ አድርጎ አፍስሶ፣ የጋዝ ነበልባል ከላይ እያሳለፈ አረፋውን እያጠፋ፣ እስኪጠነክር ጠብቆ ደግሞ ሌላ ስስ ይጨምራል። በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ በዘይት ሲወለውለው፣ የእንጨቱ ጠርዝ ወንዝ ዳር መሰለ፤ ውሃው ውስጥ እጅ ቢሰዱ የሚዘልቅ ይመስላል። ዕድሜውን ሙሉ ከሠራው ሁሉ እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አልነበረውም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠረጴዛውን ጋሪ ላይ የሩዝ ገለባ አንጥፎ ጫነና ቁሐር ወረደ። ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ተራቁቷል። ማኅበርተኞቹ ገብተው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው መሐል ሲቆም ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ፤ መምሬ ማርቆስ ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላም እንግዶቹ ጣሳቸውን የሚያስቀምጡት ውሃ ውስጥ እንዳይገባባቸው የሚፈሩ ይመስል ነበር።

«ዓሣ የለውም?» አለ አንዱ።

«ዓሣውማ ባየህ ነው፤ ተይዞ የለ?» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ውባንቺ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ ገባች። ጸጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ከዳር ጀምራ እንግዶቹን ታስታጥባለች፤ ባየህ ጋ ስትደርስ አስታጠበችው፣ እንደማንኛውም እንግዳ፣ ውሃውን ሳታበዛ ሳታሳንስ።

ሸዋዓለም አልተቀመጠም። ጠረጴዛውን ይዞራል፣ በመዳፉ ይዳብሳል፣ ጠርዙን በጥፍሩ ይጭራል። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየና ቆየ። ሲነሣ ፊቱ በርቷል።

«ይሄ የኔ ዋንዛ አይደለም» አለ።

እንደገና ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከሥሩ አሳረፈ።

«የቡሎን ቀዳዳ ተደፍኖበታል። የሠርጉ ዕለት ፍራሹን ያነጠፍኩበት እኔ አይደለሁ? ይሄ የልጄ አልጋ ነው።» ወደ ማኅበርተኞቹ ዞረ። «ምን ትሸማቀቃላችሁ፤ ብሉበት እንጂ። አንሶላው ተነሥቷል።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። አንዱ ጠላው ትን አለው። ባየህ ጆሮው ጋለ።

«የሰጡኝ እንጨት እርጥብ ነበር» አለ። «እንደሚበላሽ ያውቃሉ። አብዱልሃኪም የጠየቁትን ነግሮኛል።»

«ብጠይቅስ? አናጢ ነኝ ባይ እንጨት ዳብሶ እርጥቡን ከደረቁ ካልለየ፣ ልጄን ዳብሶ ምን ሊያውቅ ነው?»

ዳግመኛ ተሳቀ። መምሬ ማርቆስም ፈገግታቸውን በጭራቸው ከደኑት።

«ተው አያ ሸዋዓለም፣ በሚካኤል ቀን» አሉ። «ቃልህ ምን ነበር? በጠረጴዛው ላይ ካበላሁ አልክ። ይኸው አበላህ።»

«እንጨቱ ከኔ ነው ብዬ ነበር መምሬ።»

«እሱስ እውነት ነው፣ ብሏል» አለ ጠላ ትን ያለው ሰውዬ።

«ጠረጴዛ አሉ፣ ጠረጴዛ መጣ፤ ምን ቀረ?» አለ ሌላው።

እንደ በሬ ግዢ ግራ ቀኙ ተነሣ። ውባንቺ አሁን መምሬ ማርቆስ ጋ ደርሳ እጃቸው ላይ ታፈሳለች። ባየህ ጀርባዋን እያየ፣ አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አለ በልቡ። ሊል የፈለገው ከሷ ሌላ ምንም አልሻም ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አልጋ ለምኔ ነው? እሷ ትምጣልኝ እንጂ መሬትም ላይ ትተኛለች።»

ውባንቺ ውሃውን ማፍሰሷን አላቋረጠች። ከዚያ ሸዋዓለም እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ጎኑን ይዞ ሳቀ።

«ረታኸኝ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «እንዲህ ያለ ወንድ መሆንህን መች አወቅሁ። ውሰዳት፤ መሬት አስተኛት። አንቺ ውባንቺ፣ ነጠላሽን ያዢ፤ ባልሽ ረትቶ ወስዶሻል።»

እልል የሚሉ ተነሡ። ባየህን ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። አገኘሁ፣ አገኘሁ ይላል ልቡ፤ ጣሪያውን ነገ፣ አልጋውን ከነገ ወዲያ።

ውባንቺ የመምሬን እጅ አስታጥባ ጨረሰች። ፎጣ አቀበለቻቸው። ማንቆርቆሪያውንና ሳፋውን ግድግዳው ሥር አኖረች፤ ነጠላዋን ከማገሩ አውርዳ ተከናነበችና ወጣች።

ባየህ እሷን ሊያሳፍር ጋሪውን ለማዘጋጀት ተነሣ። ደጅ ሲደርስ ጋሪው ጋ አልነበረችም። በታጨደው ማሳ መሐል፣ በጠባቡ የማሳ ድንበር ላይ፣ ወደ አስፋልቱ እየሄደች ነው። አልሮጠችም፤ አላዘገመችም።

«ውባንቺ» ብሎ ጠራት።

ሸዋዓለምም ከኋላው ወጣ። «ወዴት ነው ይቺ? ውባንቺ።»

አስፋልቱ ላይ ወደ ሐሙሲት የሚወርድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ረዳቱ በሩን ከፈተላት፤ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

«ምን አለቻችሁ?» አሉ መምሬ ማርቆስ ከውስጥ።

ባየህ የጋሪውን ገለባ በእጁ እንደያዘ ወደ አስፋልቱ አየ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን አንዴ ነፍቶ ሄደ።