መሐመድዘይን «ይሁን» ሲል

ወላሂ ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገዋል።

ባሌ መሐመድዘይን እዚህ ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አቡጀዲ ይሸጣል። ይሸጣል ከምል ይተኛል ብል ይቀለኛል። ክንዱን ዘርግቶ ጨርቅ እየለካ ያንቀላፋል። የሰፈሩ ሰው «የጥጋብ እንቅልፍ ነው» እያለ ይስቅበታል። የምን ጥጋብ! ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ቤቱን ያናውጠዋል፤ ደግሞ በመሃሉ ትንፋሹ ጭጭ ይላል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ይመለሳል። ጧት ራሱን ይዞ ይነሳል። እኔም ለምጄው፣ ጭጭ ሲል «እፎይ» ብዬ እተኛ ነበር።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አመሉ ነው። ሲነቃ መተኛቱን ለመደበቅ፣ የተባለውን ሳይሰማ «ይሁን» ይላል። ይህን ያወቁ ገበያተኞች እስኪያንቀላፋ ጠብቀው፣ ባሻቸው ዋጋ ጨርቁን ይዘው ይሄዳሉ። እንግዳ ፊት እንዳያዋርደን ብዬ ዘዴ ፈጠርኩ። የእግሩ አውራ ጣት ላይ ክር አስሬ፣ ጫፉን ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ እቀመጣለሁ። አንገቱ ሲዘነበል ሳብ ነው።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ከአቦምሳ መጡ። ልጃችንን ቶይባን አብዱናሲር ለሚባል የቆዳ ነጋዴ ሊጠይቁ ነው። ሁለት ሚስት ያለው፣ በዕድሜ አባቷን የሚበልጥ ሰው! ቶይባ ወሬውን ከሰማች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አባቷ ግን ጧት፣ ከአፉ እንቢ ብቻ እንደሚወጣ ምሎላት ነበርና ከጎኔ ተቀምጣ ያቺን እንቢታ ትጠብቃለች።

የሽማግሌዎቹ አለቃ ሸህ ሳሊህ ንግግር ያውቁበታል። ከአብዱናሲር አያት ጀምረው ዘር ቆጠሩ፣ ከብት ቆጠሩ። በዚህ መሃል የባሌ አንገት ዘንበል አለ። ደንግጬ ክሩን ሳብኩ። ሸሁ ለካ «እንግዲህ ቶይባን ስጠን» ብለው መጨረሳቸው ነበር።

«ይሁን» አለ ባሌ።

ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሊያጸኑ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ቀሩ። ቶይባ ክሩን የያዘውን እጄን አየችው። ልጄን በገዛ እጄ ጎትቼ ዳርኳት!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ባሌ ነገሩ ገብቶት ላቡ ቢንቆረቆርም፣ «ተኝቼ ነበር» ማለት ለወንድ ልጅ ሞት ነውና አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ምን ቀረኝ? ሴት ሽማግሌ ፊት አትወጣም የሚሉትን ትቼ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ክሩን አሳይቼ ሁሉን ነገርኳቸው። ሸህ ሳሊህ ሳቁ፤ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ያለ ሰበብ ሰምተው አያውቁም።

«እንግዲያስ ቁጭ ብለው ይዩት» አልኳቸው። «እኔም አልጎትትም።»

ብዙ አልጠበቁም። የገዛ ልጁ ነገር እየተቆረጠ፣ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየው፣ ባሌ ግድግዳውን ተደግፎ ጭልጥ አለ። ማንኮራፋት ጀመረ። ከዚያ ትንፋሹ ቆመ። ደረቱ አይነሳ፣ አይወርድ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። አንዱ ሽማግሌ ለሞተ ሰው የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ማለት ጀመሩ። በመጨረሻ አጓርቶ ነቃና ዙሪያውን አይቶ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው፣ «ይሁን» አለ።

የሳቀ የለም። የሸህ ሳሊህ ፊት አመድ መስሏል። የተኛ ሰው ቃል ቃል አይደለም፣ ነገሩ ፈርሷል፣ አብዱናሲርንም እኔው አናግረዋለሁ አሉ። ቶይባ ከመጋረጃው ጀርባ እልል ልትል ስትጀምር እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ትንፋሹ ማታም እንዲህ ይቆማል?»

«ሁልጊዜ» አልኩ።

«ወንድሜ እንዲህ ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር። አንድ ሌሊት እንደቆመ ቀረ።»

ክሩ ከእጄ ወደቀ። ያ «እፎይ» የምልበት ዝምታ!

ክሩን ዛሬም አልፈታሁትም። ማታ አንዱ ጫፍ እሱ ጣት ላይ፣ ሌላው እኔ እጅ ላይ ታስሮ ያድራል። ጭጭ ሲል እጎትታለሁ። «ይሁን» እስኪለኝ ድረስ እኔም አልተነፍስም።