አድሮ የሚነገር ዋጋ

ሙያዬ መካኒክነት ነው። ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ አለችኝ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በግምት ነው። የሚሸጥም የሚገዛም መኪናውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሞተሩን አዳምጬ፣ አንድ ዙር ነድቼ «ዋጋው ይኼ ነው» ካልኩ የሚከራከረኝ የለም። «ጥሩነህ ያለው ዋጋ ሃምሳ ብር ወዲህ ወዲያ አይልም» ሲባል ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። ትዕቢት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ትዕቢት ነበር።

በሐምሌ 1975፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ቀትር ላይ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም አስጠሩኝ። ቤታቸው ከጋራዤ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ፊታቸው ላይ ለዓመታት ያላየሁትን ፈገግታ አየሁ፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

«ጥሩነህ፣ አልፋውን ልሸጠው ነው» አሉኝ።

«ምነው እትዬ? ማንም አይነካውም ሲሉ አልነበር?»

«አምሐ ተገኘ።»

በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ሱዳን ነው ያለው፤ ገዳሪፍ። ደብዳቤ የሚያመላልስ አንድ ሰው በዓይኔ አየሁት አለኝ። ታሟል አሉ። ሰውየው ነገ ይሄዳል፤ ገንዘብ እልክለታለሁ። ጓድ ፈቀደ የሚባል የመሥሪያ ቤት ኃላፊ መኪናውን ልግዛ ካለ ቆይቷል፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣል። አንተ ዋጋውን ተምንልኝ። አንተ ያልከውን ነው የምቀበለው።»

አምሐ አንድዬ ልጃቸው ነው። በጥር 1970 ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። እሳቸው «ሸሽቶ ነው» ይላሉ፤ ሰዉም የእናት ሆድ እንዲበርድ ብሎ «አዎ፣ ሸሽቶ ነው» ይላቸዋል። እኔ የሆነውን አውቃለሁ። አምስት ዓመት ከመንፈቅ በሆዴ ይዤው ኖርኩ።

«እስቲ መኪናውን ልየው» ብዬ ተነሳሁ። ከዓይናቸው መሸሼ ነበር።

ስለ መኪናው ልንገራችሁ። ቀይ አልፋ ሮሜዮ ነው፤ ባለ ሁለት ወንበር፤ ጣራው ሸራ። አባቱ ከመሞታቸው በፊት፣ በ1964፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን በአሥራ አራት ሺህ ብር ገዙለት። ግምቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። አምሐ እሑድ እሑድ ከአስኮ ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ ሲያበረው አሮጊቶች ያማትቡ ነበር። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ፤ የመኪና ዋጋም አብሮ ተገለበጠ። አዲስ መኪና መግባቱ ሲቀንስ አሮጌ ቮልስ በተገዛችበት እጥፍ ትሸጥ ጀመር፤ ፈጣን መኪና ግን ጠያቂ አጣ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ የአልፋው ሆድ ደግሞ ኩፖን አይገባውም። ከሁሉ በላይ በቀይ ስፖርት መኪና የሚሄድ ሰው «ይኼ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» ያስብላል። በዚያን ጊዜ ይህ ጥያቄ ራሱ ያስገድል ነበር። ያም ሆኖ ሞተሩ እንከን አልነበረውም። በ1970 እንኳ፣ ደፋር ገዢ ቢገኝ፣ ስድስት ሺህ ያወጣ ነበር።

አምሐ ከጠፋ በኋላ እትዬ አስካለ መኪናውን ግቢ ውስጥ ያለው ጋራዥ አስገብተው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «ልጄ ሲመጣ ሞተሩ ሞቶ እንዳይጠብቀው» ብለው በየወሩ መባቻ እንዳስነሳው አደራ አሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብላቸው መረቁኝ። ምርቃታቸውን መዋጥ አቃተኝ።

አምሐ መለሎ ነበር፤ እኔ አጭር ነኝ። የሾፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስለተገፋ እግሬ ፍሪሲዮኑ ጋ አይደርስም። በመጀመሪያው ወር ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት፤ ሞተሩን አስነስቼ፣ አሙቄ፣ አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ ሄድኩ። በወሩ ስመለስ ወንበሩ ወደ ኋላ ሄዷል። ረስቼው ይሆናል አልኩ። ስቤው ሄድኩ። በሦስተኛው ወርም ወደ ኋላ ተመልሶ ጠበቀኝ።

እኔ መካኒክ ነኝ፤ መንፈስ ከማለቴ በፊት ስፕሪንግ ነው የምለው። ወንበሩን ፈትቼ ስፕሪንጉን ቀየርኩ። መንሸራተቻው ብረት ላይ፣ ወንበሩ በቆመበት፣ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። በወሩ ጠመኔው እንዳለ አለ። ወንበሩ ግን ከጠመኔው አራት ጥርስ ወደ ኋላ፣ ልክ አምሐ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ነበር። የጋራዡ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከእኔ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ተውኩ፤ መሳቡን ግን አልተውኩም። ስልሳ ምናምን ጊዜ ወደ ፊት ስቤዋለሁ፣ ስልሳ ምናምን ጊዜ ተመልሷል። በሩን መክፈት እፈራለሁ፤ መቅረት ደግሞ አልችልም።

ያን ቀትርም በሩን ከፈትኩ። መኪናው የተሸፈነበትን ሸራ ገለጥኩ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሄዷል። ያን ቀን ግን አልሳብኩትም፤ እንዳለ ገብቼ ተቀመጥኩበት። እግሬ አየር ላይ ቀረ። መሪውን ይዤ ያን የጥር ቀን እንደገና ኖርኩት።

ሐሙስ ነበር፣ ረፋድ ላይ። አምሐ አልፋውን እየነዳ ጋራዤ ገባ። ፊቱ ገርጥቷል፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

«ጋሽ ጥሩነህ፣ መኪናውን ይግዙኝ። ሁለት ሺህ ብር።»

ሳቅኩ። «ስድስት ሺህ የሚያወጣውን?»

«ሁለት ሺህ ይበቃኛል። ብቻ አሁኑኑ ይሁን።»

በእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ። የሚቸኩልና ዋጋ የሚያረክስ ሻጭ የደበቀው ሕመም አለ። መኪናው ተገልብጦ ተበይዶ ይሆናል፤ ሞተሩ ውስጥ የተሰነጠቀ ነገር ይኖራል። ስለዚህ መኪናው ያድራል። በጠዋት፣ በብርዱ፣ ሞተሩ ይነሳል፤ ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። ዋጋ የሚነገረው አድሮ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን ሕግ አንድ ቀን እንኳ አልጣስኩም። ያን ለታ የራሴን ቮልስ ሸጬ ገንዘቡን በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ። አውጥቼ መስጠት እችል ነበር።

«ይደር፣ አምሐ» አልኩት። «በጠዋት ሞተሩን ላዳምጠው። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ና፣ ዋጋውን እነግርሃለሁ።»

«ሕመም የለበትም ጋሽ ጥሩነህ። እርስዎ እኮ ያውቁታል።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት።

ትንሽ አየኝና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። በእግሩ ሄደ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሕመሙን ስፈልግ ዋልኩ። ካንዴላዎቹን ነቀልኩ፣ ከሥር ገብቼ ብየዳ ፈለግኩ፣ ዘይቱን በጣቴ አሸሁት። ምንም የለም። የሰፈሩ ሰው ልጁን ኮርኒስ ውስጥ ሲደብቅ እያየሁ፣ እኔ የምፈልገው የተሰነጠቀ ብረት ነበር። ሕመሙ መኪናው ላይ አልነበረም። ይህን ሳስብ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አምሐ መጣ። ቀጠሮውን አከበረ። ከጋራዤ በር ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው አንድ ላንድሮቨር አጠገቡ ቆመ፣ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ወረዱ። አልሮጠም። ወደ እኔ ነው ያየው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ሁለቱን ሺህ ብር ቆጥሬ በእጄ ይዤ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገድ ዳር ከተጣሉት አስከሬኖች መካከል አየሁት። ፊታቸውን ሁሉ በካርቶን ሸፍነውታል። የእሱ እግር ግን ከሌሎቹ አልፎ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል። ማልቀስ ክልክል ነበር፤ አላለቀስኩም። መኪናውን ለእናቱ መልሼ «ለጥገና ትቶት ነው» አልኳቸው። «ሌላስ ምን አለህ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው። የሱዳኑ ተስፋ የበቀለው ከዚያች «ምንም» ነው።

እንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ዝም ብል እትዬ አስካለ መኪናውን ሸጠው ገንዘቡን ለዚያ ውሸታም ደብዳቤ አመላላሽ ይሰጣሉ፤ ከዚያ እስኪሞቱ ድረስ ደብዳቤ ይጠብቃሉ። ብናገር ያቺን የዛሬዋን ፈገግታ በገዛ እጄ አጠፋታለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስንት ዓመት ቻልኩ፤ ዛሬስ ምን አለበት አልኩ። መለስ ብዬ ደግሞ የቻልኩት ለእሳቸው ሳይሆን ለራሴ እንደሆነ ገባኝ። ወረድኩ፣ በሩን ሳልቆልፈው ወደ በረንዳው ተመለስኩ።

«እህ፣ ስንት አልክ?» አሉኝ።

«ዋጋ አልናገርም እትዬ። አምሐ ሱዳን የለም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሐሙሱን፣ ዓርቡን፣ መንገድ ዳሩን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መምታት ጀመረና ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጮኾ መናገር እንዴት ያሳፍራል።

ስጨርስ የጠየቁኝ ስለ ገንዘቡ ነው።

«ሁለት ሺህ ነው የጠየቀህ?»

«አዎ እትዬ።»

«ኪስህ ውስጥ ስንት ነበር?»

«ሁለት ሺህ አራት መቶ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን በዚያ ሰዓት እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ «ወንበሩን እርስዎ ነዎት ወደ ኋላ የሚገፉት?» አልኳቸው።

«የቱን ወንበር? ቁልፉ አንተ ዘንድ አይደል?»

ነገርኳቸው። እንባቸው የወረደው ያን ጊዜ ነው። «እግሩ ነዋ» አሉ። «ልጅ ሆኖም አልጋው ሁሉ ያጥረው ነበር።»

ዝናቡ እስኪያባራ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ዘግይቼ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና አሉ።

«ልጄ ፍትሐት አልተደረገለት፣ ተዝካር አልወጣለት፤ አንድ ቄስ እንኳ ስሙን አልጠራለትም። በሕይወት አለ እያልኩ እኔው ከለከልኩት። መኪናው ይሸጥ። በሁለት ሺህ ብር። እሱ የጠየቀው እሱን ነው፤ እሱኑ ያግኝ። አታስበልጥ፣ አታሳንስ። ለተዝካሩ ነው። ግን ዛሬ ይሁን ጥሩነህ፤ ዛሬ።»

«እሺ እትዬ።»

ገዢው ፈቀደ በሰዓቱ መጣ። ካኪ የለበሰ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት የሚጠነቀቅ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። መኪናውን ገፍቼ በረንዳው ፊት አቆምኩለት። ሦስት ጊዜ ዞረው። መውደዱን ከአተነፋፈሱ አወቅኩ፤ አራት ሺህ ሊከፍል ተዘጋጅቶ እንደመጣም አወቅኩ። ይህን የማላውቅ ከሆነማ ምኑን ገማች ሆንኩ።

«በስንት ነው?»

«በሁለት ሺህ» አልኩት።

ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ጠፋ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ጎማውን በእግሩ መታ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ።

«ምን ሕመም አለበት?»

«ምንም የለበትም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጤነኛ ሞተር አልሰማሁም። አስነሳውና ስማ። ግን ግዢው ዛሬ ነው የሚሆነው።»

«ምን አስቸኮላችሁ?»

እውነቱን ልነግረው አልችልም፤ ለእሱ አይነት ሰው ይህ አይነገርም። «እንዲሁ ነው» አልኩት። ሳስበው አምሐም ያን ቀን ሊነግረኝ ያልቻለው ለዚህ ነበር።

ፈቀደ እጁን በመሐረብ ጠረገ። ብልጥ አጋጥሞት ሳይታለል እንደቀረ ሰው ፈገግ አለ።

«ይደር» አለኝ። «ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሳለ እሰማዋለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ዋጋዬን እነግራችኋለሁ።» ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወደ በሩ ሄደ።

እትዬ አስካለ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ሰውየውን አላዩትም። እኔን ነው ያዩት።

«እንዲህ ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ» አልኩ። «ልክ እንዲህ ነው ያልኩት።»