ዕቃ ቤቱ የተከፈተ ዕለት

አበረ በሰባ ሁለት ዓመቱ ከዚህ ዓለም የሚመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ሲሞት በኪዳነ ምሕረት ቅጥር፣ ከሚስቱ ከወለተ ጊዮርጊስ ጎን መቀበር። ቦታውንም ቄስ አካለ ወልድ በእጃቸው አሳይተው፣ "ይህ የእርስዎ ነው" ብለውታል።

ሶልያና የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። በየቅዳሜው ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ እየመጡ፣ ከሮብ ገበያ ማዶ ያለውን የድሮ እንጨት መሰንጠቂያ ሙዚየም እናደርጋለን ብለው ከሚለፉት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናት። ደኑ አልቆ መሰንጠቂያው ከተዘጋ ወዲህ ከተማይቱን ዞር ብሎ ያያት ስላልነበረ፣ ሰው ሁሉ ያለውን ጠራርጎ ሰጠ። አበረም ከሟቹ ባልንጀራው ከእንዳላማው ጋር ወዲህና ወዲያ ሲስቡት የኖሩትን ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ አወጣ።

"ሙዚየም ማለት ምንድን ነው ልጄ?" አላት።

"እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይበሉት አባባ። የቆየ ነገር የሚቀመጥበት።"

አበረ የሚያውቀው ዕቃ ቤት ደግሞ ቁልፉ ከአንድ ሰው እጅ የማይወጣ፣ የገባበትም በጨርቅ ተጠቅልሎ ዓይን የማያየው ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባቱ እንኳ ያልተናገረውን ለዚህች የሰው አገር ልጅ ዘረገፈላት። የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት እሱና እንዳላማው በመሰንጠቂያው አለቃ ትእዛዝ የኪዳነ ምሕረትን ትልቁን ጽድ በዚሁ መጋዝ ጣሉት። ካህናቱ የቆረጠው ሰው በቅጥሩ እንዳይቀበር ገዘቱ። ጦሱ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በነበረው፣ ድረስ በሚባል ሰው ላይ ወደቀ፤ "ሸጦታል" ተብሎ ተባረረ፤ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። አበረ ሲያባርሩት ቆሞ አይቷል። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድረስ ትቶት የሄደው የሰባት ዓመት ልጅ አድጎ የዛሬው ቄስ አካለ ወልድ ሆነ፤ ይህችን ግን ለሶልያና አልነገራትም።

ሶልያና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወረቀት አውጥታ፣ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክታ አስፈረመችው። የመጋዙ መረከቢያ መሰለው፤ ታሪኩ ለሕዝብ እንዲወጣ የፈቀደበት ነበር። አላስረዳችውም አይባልም፤ ግን በጥድፊያ፣ በቢሮ አማርኛ። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ ጥሩ ታሪክ ያገኘ ሰው ግን ከክፉ ሰው አይሻልም።

የምረቃው ዕለት አበረ ያጠበውን ጋቢ ለብሶ መጣ። መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ በር በሚያህል ሰሌዳ የእሱ ፎቶ፣ ከሥሩም ጽሑፍ። ፊደል አልቆጠረም። ደስ ብሎት፣ የገባ ሁሉ እንዲያየው ከሰሌዳው ሥር ቆመ። ሰው ይመጣል፤ ያነባል፤ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ሳይጨብጠው ይሄዳል። ጎረቤቱ ሥራነሽ አንብባ ስትጨርስ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ኮርታብኝ ነው አለ በልቡ። ሞኝ!

ቄስ አካለ ወልድ ለቡራኬ የደረሱት ዘግይተው ነው።

"አባ፣ እስቲ ያንብቡልኝ፤ ምን ብለውኛል?" አላቸው እየሳቀ።

ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ጀመሩ። ጽዱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ። የአበረ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

"ይበቃል አባ፣ ይበቃል" አለ እጃቸውን ሊይዝ እየሞከረ። አላቆሙም። የአባታቸውን ስም ሁለት ጊዜ አነበቡት።

አበረ መስቀል ሊሳለም ጎንበስ ሲል፣ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱት።

"ይፍቱኝ" አላቸው። "ቦታዬን ብቻ አይንሱኝ።"

"ከግዝቱስ እፈታዎታለሁ፤ ሥራዬ ነው" አሉ ቄሱ በለሆሳስ። "ቦታው ግን የአባቴ ነው። ዐፅሙን ከቆላ አፍልሼ ከባለቤትዎ ጎን አሳርፈዋለሁ።" ቀና ብለው ሰሌዳውን አዩ። "እርስዎ ምን ቸገረዎ? ቦታ አግኝተዋል።"

አሉና ሙዚየሙን ሊባርኩ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።