ቺፑ እስኪነቃ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ዶክተሯ» ይሏታል፤ የታመመ ኮምፒውተር እጇ ገብቶ ሳይድን አይወጣም። የዚያ ሳምንት በሽተኛ ግን አሳሯን አበላት። በተከፈተ ቁጥር አዲስ የኔትወርክ አድራሻ ይዞ ይነሳል፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨርም አላውቅህም ብሎ ይመልሰዋል። እውነተኛው አድራሻ ግን ኔትወርክ ካርዱ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነውና ከምሳ በኋላ መስመር በመስመር ታነበው ጀመር። መሃል ላይ ወንድሟ ደወለ። አባታቸው በሽታ ምላሳቸውን ካሰረው ወዲህ ስድስት ወር እሷ ጋ ናቸው፤ ነገ መጥቶ ወደ ቤቱ ሊወስዳቸው አስቧል።

«አባባ እኔው ጋ መሆን ነው የሚፈልጉት» አለችው ፍርጥም ብላ።

«ጠየቅሻቸው?»

«አባቴን አላውቅም እንዴ?»

ስልኩን ዘግታ ወደ ኮዱ ተመለሰች። ጥፋቱ ተገኘ። ድራይቨሩ ገና ኤሌክትሪክ እንደገባ አድራሻውን የያዘውን የካርዱን ቺፕ ይጠይቀዋል። ቺፑ አልነቃም፤ ዜሮ በዜሮ ይመልሳል። ድራይቨሩም ይሄ አድራሻ የለውም ብሎ ይደመድምና ከራሱ አንዱን ፈጥሮ ይሰጠዋል። ክፋት የለበትም። የፈጠረውም ደህና አድራሻ ነው፤ ብቻ የካርዱ አይደለም።

ጥቂት ታግሶ ደግሞ እንዲጠይቅ ሁለት መስመር ጨመረችና ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። የወረቀቷ ቁጥር ስክሪኑ ላይ መጣ። ዓይኗ ቁጥሩ ላይ እንዳለ አባቷ ትዝ አሏት። ጎረቤት ገብቶ እንደምን ዋሉ ሲላቸው፣ የአባቷ ከንፈር ሳይላቀቅ «ደህና ናቸው» የምትለው እሷ ነበረች። ሲታገሉ ማየት አትችልማ።

ቤት እንደገባች ወንበር ስባ ፊታቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ እዚህ ይሻልዎታል ወይስ ወንድሜ ጋ?»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። መልሱ እሷ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። የጣደችው ውሃ ፈላ፤ ተነስታ አላወረደችውም።

«እሱ... ጋ» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ልጆቹን... ልይ።»

ከፋት፤ በጣም ከፋት። ስድስት ወር ሙሉ ከጎናቸው ሆና አንድ ቀን አልጠየቀቻቸውም። ካልሲዎቻቸውን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ለወንድሟ ደወለች።

«አባባ የሚነግሩህ አለ። እንዳትዘጋው፣ ጠብቃቸው» አለችና ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።